አባባ፣ አጅሬ ድንጋይህ ላይ ሊወጣ ነበር

አባባዬ፣

ከሄድክ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ቀናት ቀሩት። ጤናህን ብጠይቅ ትስቅብኛለህ፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ። የመቃብር ድንጋይህ ቆሟል። ትናንት ሁላችንም ሄደን አየነው፤ ፊቱ ያንተ ነው። «ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?» ትል ይሆናል። ለጥቂት ነው የተረፍከው። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እዚህ ኦሮራ ሜዳ ላይ፣ ከስምህ በላይ፣ እስከ ምጽአት ድረስ የአጅሬ ፊት ተቀርጾ ይቀር ነበር። አዎ፣ የራስህ አጅሬ። የካውቦይ ፊልሙ ሰውዬ። እስካሁን ሳስበው አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ተመስገን እላለሁ።

እቴቴ ጸሐይ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስትሰማ፣ ለሞተ ሰው አንቱ ነው የሚባለው ብላ ገስጻኛለች። አንተ ግን በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ የኤርፖርት ፖሊስ አደረግሽኝ ትለኝ ስለነበር ፈቃድህን አልሽርም። ፊደል ያስቆጠርከኝም አንተ ነህና ስህተት ካገኘህ ጥፋቱ የራስህ ነው።

እማማ ወንበርህን ወርሳለች። ሪሞቱንም። ዕድሜ ልኳን «ይሄ ተኩስ ራሴን በጠበጠው» ስትልህ የኖረችው ሴትዮ አሁን ፈረስ ካልጋለበ፣ ሽጉጥ ካልተተኮሰ እንቅልፍ አይወስዳትም። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ስክሪኑ አይታያትም፤ ድምፁን ነው የምትሰማው። ለኦፕሬሽኑ ቀጠሮ ተይዞላታል። እማዬ አሁንም አረጋውያን ቤት የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት። እኔ መኪና መንዳት እየተለማመድኩ ነው፤ እማዬ አጠገቤ ስትቀመጥ የበሩን እጀታ ጨብጣ ጸሎት ትጀምራለች፣ ያውም መኪናዋ ገና ሞተሯ ሳይነሳ። እቴቴ ጸሐይ ደግሞ በየቅዳሜው ከሌክውድ ትመጣለች። ያን ሁሉ መንገድ ስትነዳ ምን ምን እንደምታዘን እያሰላሰለች የምትመጣ ይመስለኛል፤ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች። ታላቅ ልጅህ አይደለች፤ ከማን እንደወረሰችው አንተ ታውቃለህ።

የድንጋይህንም ነገር የያዘችው እሷ ነበረች። መቼም የእኛ ሰው ፊቱ ድንጋዩ ላይ ካልወጣ በቅጡ የተቀበረ አይመስለውም። አሜሪካኖቹ ጎረቤቶችህ ስማቸው ብቻ ተጽፎላቸው በሰላም ተኝተዋል። እኛ ግን ፎቶ እንፈልጋለን፤ ያውም የወጣትነት፣ ያውም ያማረ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ እድርተኛው ዙሪያውን ቆሞ «አቤት ቁመና» የሚልበት። ችግሩ አንተ ነህ። እንዳንተ ፎቶ የማያምርበት ሰው አላየሁም። የኤርፖርት ባጅህ ላይ የመንገደኛ ሻንጣ ይዘህ ስትወጣ የተያዝክ ነው የምትመስለው። እማማ ባነሳችህ ሁሉ ላይ ጭንቅላትህ የለም። የቀረው በሰው ሠርግ ላይ ከአንዷ ነጠላ ኋላ ጆሮህ ብቻ ብቅ ያለበት ነው። እቴቴ ይህን ሁሉ አገላብጣ ተስፋ ስትቆርጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያቺን አሮጌ ሻንጣህን አወረደች።

እዚያ ውስጥ ነው ያገኘችው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት። ሰፊ ባርኔጣውን ወደ አንድ ዓይኑ ዘንበል ያደረገ፣ ጢሙን ያሳመረ፣ አጥር ተደግፎ አውራ ጣቱን ቀበቶው ውስጥ የሻጠ ሽቅርቅር ወጣት። እቴቴ አልቅሳ አላባራችም። በዚህ አልፈርድባትም። አጅሬን ሁልጊዜ ቡናማ ቀለም ቀብተው ነበር ሽፍታ የሚያደርጉት፤ ቀለም በሌለው ፎቶ ላይ የእኛ አገር ሰው ነው ቢባል የሚከራከር የለም። በዚያ ላይ ጢሙ ቁርጥ ያንተ ጢም ነው። ጢምህን የእሱን አይተህ እንደቆረጥከው ያንን ጊዜ ማን ያስታውስ?

እቴቴ ፎቶውን ለድንጋይ ቀራጩ ላከች፤ ወዲያው ደግሞ ለቤተሰቡ ግሩፕ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ነበርኩ። ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ከቶሮንቶ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከስቶክሆልም፣ ነፍስ ይማር የሚል፣ የሚያለቅስ ፊት የሚልክ። የቶሮንቶዋ ዘመዳችን የልጇን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አፍንጫውን ከአያቱ እንደወረሰ ጻፈች። አንዱ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ የቤተሰባችን ሐዘን ይታያል አለ። ፎቶውን ከፈትኩት። አጅሬ ነበር፤ ከፊልሙ የተወሰደ፣ ድሮ ከሲኒማ ቤት አምጥተህ ያስቀመጥከው መሆን አለበት። አውቶቡሱ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ድንጋዩ ትዝ አለኝና ሳቄ ተቋረጠ።

ከአጅሬ ጋር ያስተዋወቅከኝ አንተ ነህ። ከትምህርት ቤት ስመጣ አንተም ኤርፖርት ዊልቼር ስትገፋ ውለህ በባቡር ገብተህ፣ እግርህን በርጩማው ላይ ሰቅለህ ትጠብቀኝ ነበር። የድሮ ፊልም የሚያሳየው ቻናል ይከፈታል። ሰው ሁሉ አክተሩን፣ ዋናውን ጀግና፣ ሲያይ አንተ ከአክተሩ ኋላ ያለውን ግርግር ነበር የምትፈልገው። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይመጣል» ትላለህ። እውነትም ይመጣል። የሰው ፈረስ ልጓም ይዞ፣ ወይ ከሰካራሞቹ መሃል፣ ወይ ጣሪያ ላይ ጠመንጃ አነጣጥሮ። የእንግሊዝኛ ስሙ ምላስህ ላይ ስላልቀና አጅሬ አልከው፤ እኔም እስከዛሬ በዚሁ ነው የማውቀው።

የሰውየውን ሥራ ከፈጣሪው በላይ ታውቀው ነበር። እንደ አንተ አነጋገር፣ አጅሬ እርሻ ላይ ፈረስ ጠባቂ ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት ፈረሶቹን ፈልገው ነው፤ ፈረሶቹ ያለ እሱ አንንቀሳቀስም ስላሉ እሱንም ጭነው ወሰዱት። በመጀመሪያው ፊልሙ አንዲት ቃል አልተናገረም። በሁለተኛው «መጡ» ብሎ ጮኸና በጥይት ተመታ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መሞት ሆነ። ከጣሪያ ወድቆ፣ ከፈረስ ተንከባሎ፣ የፈረስ ውኃ መጠጫ ገንዳ ውስጥ ተዘፍቆ። ፀጉሩ ጥቁር ስለሆነ አንድ ሰሞን የሜክሲኮ ሽፍታ ያደርጉታል፣ ሌላ ሰሞን ላባ ሰክተውለት የቀይ ሕንዶች አለቃ። ሴት ስሞ አያውቅም። የፊልም መጨረሻ አይቶ አያውቅም። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ለአክተሩ ሲያፏጭ አንተና ጋሽ ታደሰ ፊት ለፊት፣ አንገት የሚያሳምመው ወንበር ላይ ሆናችሁ አጅሬ ሲወድቅ ታጨበጭቡ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የሸሪፍ ባጅ ሰጡት፤ ሳይሞት ቀረና አንተ ተበሳጭተህ ወጣህ፤ ሞቱን ነጠቁት አልክ። ልክ ያኔ ደግሞ ሰው ፈረስ ማየት ሰለቸው። አጅሬ ወደ ቴሌቪዥን ሄዶ በየሳምንቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሠረገላ ነዳ። ፊልሙ ባለቀለም ሲሆን ያ ቡናማ ቅባት ቅባት መሆኑ ታወቀበት። በመጨረሻ አዲስ ሱፐርማርኬት ሲመረቅ በፈረስ እየመጣ ለማያውቁት ሕጻናት ፎቶ ላይ ይፈርም ነበር፤ ከዚያም ወደ ፈረሶቹ ተመለሰ።

ይህን ስትጨርስ ያሳዝናል አልኩህ። ፊልሙን ፖዝ አድርገህ ዞርክብኝ።

«ምኑ ነው የሚያሳዝነው? ሰውየው በሰዓቱ ገባ፣ በደንብ ሞተ፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ቤቱ ገባ። ከዚህ በላይ ምን ሥራ አለ?»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ ዊልቼርህን ልትገፋ ሄድክ።

እና ከአውቶቡሱ ወርጄ ለእቴቴ ደወልኩላት። ቀስ ብዬ፣ በአክብሮት፣ ሰውየው የፊልም ተዋናይ እንደሆነ ነገርኳት። አባቴን ላላውቅ ነው ወይ ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ቅዳሜ የእድር ሰዎች ስለ ሙት ዓመቱ ሊመክሩ ቤት ሲመጡ እንደገና ሞከርኩ። ያኔ ጓደኛህ ጋሽ ታደሰ ጣልቃ ገቡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አልበቃ ሲላቸው የእማማን መነጽር ከላዩ ደረቡበት። ፎቶውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ሲነሳ እዚያው እንደነበሩ፣ ባርኔጣውንም ያዋሱት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። አለቀ። ባርኔጣ ያዋሰ ምስክር ቀርቦ የእኔን ቃል ማን ይሰማል? እቴቴ ፍርድ የሰጠች ዳኛ መስላ አየችኝና ድንጋይ ቀራጩ ሰኞ ጠዋት ፊቱን መቅረጽ እንደሚጀምር ለጉባኤው አስታወቀች። ከተቀረጸ በኋላ ማጥፋት ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ግራናይት ዲሊት የለውም አለችኝ። እማዬ ዕቃ እያጠበች ጆሮው ትንሽ የአባዬ አይመስልም ብላ አንሾካሾከችልኝ፤ ግን ከእህቷ ጋር ለመጣላት አቅም አልነበራትም፣ ሌሊቱን ሠርታ ነው ያደረችው። እማማ ፎቶውን ሲያቀብሏት ዓይኗ ሥር አስጠግታ «ቆንጆ ነው» ብላ መለሰችው።

አባባ፣ ያን ቀን አልሳቅኩም። አንድ ነገር ነበር ለማንም ያልነገርኩት። ከሄድክ ጀምሮ ፊትህን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣብኝ የሆስፒታሉ ነው፤ ያ ያበጠው፣ የኦክስጅን ጭምብል ያለበት። ሌላው ፊትህ ቀስ በቀስ እየጠፋኝ ነበር። ድንጋዩ ሲቆም ይመለስልኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው። አጅሬ ከወጣበት ግን ትንንሾቹ ልጆች አጅሬን አያታችን እያሉ ነው የሚያድጉት። እኔም ቆይቼ እንደነሱ እንዳልሆን ፈራሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁሉም ቤታችን ለምሳ ተሰበሰቡ። ያ አጥር ያለበትን ፊልም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩና አባባ በጣም የሚወደው ፊልም ነው፣ ለእሱ መታሰቢያ እንየው አልኩ። ውሸት የለበትም። ሳህናቸውን ይዘው ተደረደሩ። ከሽማግሌ ጋር ፊልም ማየት ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። አንዷ እናት ፈረሱ ሣር በልቷል ወይ አሉ። ሌላው ሰዎቹ የተጣሉበትን መሬት ስፋት ገምተው በዛሬ ገበያ ምን እንደሚያወጣ ተከራከሩ። ጋሽ ታደሰ ቀጥሎ የሚሆነውን እያስቀደሙ ተረኩ፤ አንዱም አልሆነም።

ከዚያ አጥሩ መጣ። አጅሬ ተደግፎት፣ ባርኔጣው ዘንበል ብሎ፣ አውራ ጣቱ ቀበቶው ውስጥ። እቴቴ ጸሐይ ሳህኗን እንደያዘች ተነሳች። «አባዬ!» አለች። በዚያችው ቅጽበት አክተሩ መትቶ ጣለው። «ወይኔ አባቴን!» ብላ ደረቷን ከመታች በኋላ ነው ያደረገችው የገባት።

ፖዝ አደረግኩ። አጅሬ አቧራው ላይ በሥርዓት ተዘርሯል። ፎቶውን ወስጄ ከስክሪኑ አጠገብ ያዝኩት። መጀመሪያ እማዬ ናት ሳቋን መያዝ ያቃታት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እቴቴ ቁጭ አለችና፣ ምናልባት አባዬ በወጣትነቱ አሜሪካ መጥቶ ፊልም ሠርቶ ይሆን እንዴ ብላ የመጨረሻ ሙከራ አደረገች። ያኔ አባትሽ ከደብረ ዘይት አልፎ አያውቅም አሏት ሽማግሌዎቹ።

ጋሽ ታደሰ ግን ተቀየሙ። እኔ ባርኔጣ አዋስኩ ብያለሁ፣ አልጃጀሁም እያሉ ሁለቱን መነጽር ደርበው ስክሪኑ ድረስ ሄዱ። እያዩ ቆዩና በቁጣ ዞሩ። ይሄ የሳቸው ባርኔጣ አይደለም። የሳቸው የአባታቸው ነበር፣ ጠርዙ ተቀዶ በነጭ ክር የተሰፋ፤ ይሄ ሰውዬ ከየት አምጥቶ ነው እንከን የሌለው ባርኔጣ ያደረገው? ሁሉም እንደገና ሊስቅባቸው ሲል እኔን ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሽማግሌው አልዋሹም። ባርኔጣም አውሰዋል፣ ፎቶም ተነስቷል፤ ይሄኛው አይደለም እንጂ። ስለዚህ ሌላ ፎቶ አለ ማለት ነው። የት እንዳለ ጠየቅኩ። ሁሉም ወደ ሻንጣው ሮጠ።

«እኔ ጋ ነው» አለች እማማ ከወንበርህ ላይ።

የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከአውቶቡስ ካርዷ ኋላ፣ ጥጎቹ ያለቁ ትንሽ ፎቶ አወጣች። እቴቴ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽንም ብላ ልትቆጣ ሞከረች።

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። የድንጋዩ ቀለም፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የመስቀሉ ዓይነት በሦስት አህጉር ተመክሮበታል። ሚስትየውን የጠየቀ አልነበረም። ፎቶ አቀበሏት፣ አባዬ ነው አሏት፣ አይታያትም፣ አመነች።

ፎቶው ላይ አንተ ነህ። ስቱዲዮ ውስጥ በቀለም የተሳለ አጥር ተደግፈሃል፤ የጋሽ ታደሰ አባት ባርኔጣ ሰፍቶህ ጆሮህ ላይ አርፏል፤ የክሩ ስፌት እንኳ ይታያል። እንደ አጅሬ ፊትህን ልታጠቁር አስበህ ነበር፣ ያስታውቃል። ግን አልቻልክም። ፎቶ አንሺው ቁልፉን ሲጫን ሳቅህ አምልጦሃል፤ አፍህ ተከፍቷል፣ ዓይንህ የለም። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እቴቴ ዓይኑ ስለተጨፈነ ለድንጋይ አይሆንም አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

እማማ እጇን ዘርግታ ፎቶውን መልሳ ተቀበለቻት። «ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እኔ ያገባሁት ይሄንን ነው፤ ያኛውን ሰውዬ አላውቀውም።»

እቴቴ እንደገና አለቀሰች። የፊተኛው ለቅሶ ለፎቶው ነበር፤ ይሄኛው ላንተ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ድንጋይ ቀራጩ ስልክ አላነሳም። እቴቴ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታ (ይህን ለታሪክ መዝግብልኝ) መኪናዋ ውስጥ ወረወረችኝ። ያቺ ፍጥነት ቀንሱ እያለች የምታስለቅሰን ሴት ሃይዌዩን እንደ ሠረገላ ነዳችው። ስንደርስ ከውስጥ የማሽን ድምፅ ይሰማል። እቴቴ መሪውን እንደጨበጠች መኪናው ውስጥ ቀረች። እኔ ሮጬ ገባሁ።

መስቀሉ ወጥቷል። ስምህም ቀራጩ በማያነበው የእኛ ፊደል ወጥቷል። የፊትህ ቦታ ገና ልሙጥ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሰውየው ቡትስ ያደረገ አሮጌ አሜሪካዊ ነው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ አቧራ መከላከያውን አውርዶ፣ እጄን ጨበጠኝና በሹክሹክታ ሥራው ትልቅ ክብር እንደሆነለት ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ያንን ተዋናይ ያየው ነበርና እዚሁ ኦሮራ መቀበሩን ባለማወቁ አዝኗል፤ ለሚስቱም ነግሯታል። አባባ፣ እሱን ማርዳት ነበር የከበደኝ። የሞተው ተዋናዩ አይደለም፣ ኤርፖርት ዊልቼር ሲገፋ የኖረ አያቴ ነው አልኩና ትክክለኛውን ፎቶ ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ። ጥርስ ድንጋይ ላይ ማውጣት ከባድ ነው፣ ደንበኛ ሁሉ አፉን የገጠመ ፎቶ ነው የሚያመጣለት፣ ግን እሞክራለሁ አለ። የአጅሬን ፎቶ ልወስደው ወይ ሲለኝ ተውኩለት። ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ አጅሬም ከማያውቁት ዘመዶች መሃል ወጥቶ የሚያውቀው ሰው ጋ ገባ።

ትናንት እንግዲህ ሄድን። ነፋሱ ነጠላውን ሁሉ ወደ ካንሳስ ሊወስደው ምንም አልቀረው። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴትዮ መቃብር ላይ ባርኔጣ ምን የሚሉት ነው ብለው አጉረመረሙ፤ እቴቴ ጸሐይ የራሷ ምርጫ እንደሆነ አድርጋ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ሰውየው የክሩን ስፌት ሳይቀር አውጥቶታል። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን እሱ ላይ አሳርፈው ለመጣው ሁሉ ባርኔጣው የማን እንደሆነ ሲያስረዱ ዋሉ፤ የመቃብርህ ግማሽ የሳቸው ነው ማለት ነው። እማማ ድንጋዩን በጣቶቿ ዳበሰችው። ጢምህን አገኘች፣ ከንፈርህን አገኘች፣ ጥርስህ ጋ ስትደርስ ሳቀች።

እኔ ደግሞ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ልሞክረው ብዬ። የመጣው ፊት የሆስፒታሉ አልነበረም። ድጋሚ ሞከርኩ። አሁንም አንተ ነበርክ፣ ዓይንህ የጠፋው፣ ከወንበርህ ላይ ሆነህ አንድ ሰው ከጣሪያ ሲወድቅ እያየህ የምትስቀው። ከስንት ወር በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ።

እና ቃሌን ልስጥህ። እዚያ ድንጋይ ፊት የሚቆሙ ትንንሾች ይሄ ማነው ሲሉኝ አላሳምርህም። በአነጋገሩ ተሳዳቢ፣ በፎቶ ላይ መልክ የለሽ፣ ከአክተሩ ኋላ ያለውን ሰው የሚፈልግ፣ በሰዓቱ ሥራው የሚገባ ሰው ነበር እላቸዋለሁ። ካላመኑኝ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አድርጌ ሳቅህን አስመስዬ እስቅላቸዋለሁ፤ እችልበታለሁ። አሁን እረፍ፣ አባባ። ፊትህ እኛ ጋ ነው።

የልጅ ልጅህ
ሊያ